በጎ ፈቃድ ብቻውን አያድንም
የድንገተኛ አደጋ በጎ ፈቃደኞችን የማንቃት፣ የማደራጀትና የማስታጠቅ ጥያቄ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር የሚያደርገው ትግል ከራሱ ከታሪኩ ጋር የተወለደ ነው። ወንዝ ሲሞላ፣ ኮረብታ ሲናድ፣ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ እሳት ሲነሣ ሰው ብቻውን ቆሞ ያሸነፈበት ጊዜ የለም፤ ምንጊዜም የተከላከለው በኅብረት ነው። ኅብረቱ ግን ሁለት መልክ አለው። አንደኛው አደጋው ከደረሰ በኋላ በድንጋጤና በርኅራኄ የሚሰባሰብ ድንገተኛ ኅብረት ነው። ሁለተኛው አደጋው ከመድረሱ አስቀድሞ ዐውቆ፣ ሥራ ተከፋፍሎና ተለማምዶ የሚጠብቅ የተደራጀ ኅብረት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት መሆኑን የቅርብ ዘመን ታሪካችን በማያሻማ ሁኔታ አረጋግጦታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ልዩነቱን በተጨባጭ ማስረጃ ማብራራትና ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የምንሸጋገርበትን መንገድ መጠቆም ነው።

ከጎፋ የምንወስደው ትምህርት

ሐምሌ 14 እና 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከማናችንም ኅሊና የሚጠፋ አይደለም። ከባድ ዝናም የጠጣው ኮረብታ ተንዶ የጥቂት ቤተሰቦችን መኖሪያ ተጫነ። እሪታው በተሰማ ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ እንደ አባቶቹ ልማድ ዶማና አካፋውን ይዞ፣ መሣሪያ ያላገኘውም ባዶ እጁን ወደ ሥፍራው ተመመ። ከመጡት መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ይገኙበታል። ወገኖቻቸውን ከጭቃ ለማውጣት ሲቆፍሩ ሳለ ኮረብታው ዳግመኛ ተናደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ከሟቾቹም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተያዙት ሳይሆኑ እነርሱን ሊያድኑ የሮጡት ነበሩ።

እነዚህን ሰዎች ማንም አልጠራቸውም፤ ማንም አላስገደዳቸውም። የወገን ፍቅር ይሉት ነገር ምን እንደሆነ በሥራ ያሳዩ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንሰነዝረው ሐሳብ በእነርሱ ላይ የሚሰነዘር ወቀሳ ተደርጎ ከቶ መወሰድ የለበትም። ወቀሳ ካለ ወቀሳው የሚያርፈው እንዲህ ያለውን ጀግንነት ያለ አንዳች ዕውቀትና መሣሪያ ወደ ናዳ አፍ በሚልከው አሠራር ላይ ነው።

አንድ ጊዜ የተናደ ኮረብታ ዳግመኛ ሊናድ እንደሚችል የታወቀ ነው። ከላይ የቀረው አፈር ድጋፉን አጥቷል፤ ውስጡ በውሃ ርሷል፤ ዝናሙም ካላቆመ ክብደቱ ይጨምራል። በዚህ ጉዳይ የሠለጠነ አነስተኛ ቡድን በቦታው ቢኖር የመጀመሪያ ሥራው መቆፈር አይሆንም ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ሰው ኮረብታውን ብቻ እንዲመለከትና አዲስ ስንጥቅ፣ የሚንከባለል ድንጋይ ወይም የሚያዘነብል ዛፍ ሲያይ ፊሽካ እንዲነፋ ያቆማል። ሕዝቡን ከናዳው መውረጃ ወደ ጎን ያርቃል። ወደ ቦታው የሚገባውን ሰው ቁጥር ወስኖ ስሙን ይመዘግባል፤ በአጭር ፈረቃም ያቀያይራል። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም የሚሸሽበትን አቅጣጫ አስቀድሞ ያመለክታል። በየመሐሉ ሁሉም ዝም እንዲል አድርጎ ከሥር የሚሰማ ድምፅ እንዳለ ያዳምጣል። ቁልቁለቱ ጨርሶ የማያስተማምን ከሆነም እንባውን ውጦ ሰው እንዳይገባ ይከለክላል።

ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው ጥቂት ቀን ሥልጠና፣ አንድ ፊሽካና ሕዝቡ የሚያምነው የቡድን መሪ ነው። በጥቂት ቀን ሥልጠናና በብዙ ሰው ሕይወት መካከል ያለውን ሚዛን መገመት ለማንም አያዳግትም።

ድንገተኛነትና ድርጅት

ይህ መራራ ትምህርት የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 የሜክሲኮ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ በተመታች ጊዜ የከተማይቱ ሕዝብ የመንግሥትን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ወደ ፍርስራሹ ገባ። ያልሠለጠኑ ሰዎች 800 ያህል ወገኖቻቸውን በሕይወት አወጡ። ነገር ግን 100 ያህሉ በዚያው የማዳን ሥራ ላይ ሳሉ ሞቱ። ስምንት ሰው ለማዳን አንድ አዳኝ የወደቀበት ሒሳብ መሆኑ ነው። ይህን የተመለከተው የሎስ አንጀለስ ከተማ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት የሠፈር ነዋሪዎችን በቡድን የሚያሠለጥንበትን ሥርዓት ቀረጸ። ሥርዓቱ ከ1993 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ተዳረሰ። የሥልጠናው ይዘት እሳትን በእንጭጩ ማጥፋት፣ ቀላል የፍለጋና የማዳን ሥራ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታና የቡድን አመራር ነው። የሁሉም መነሻ ሕግ ደግሞ አዳኙ በመጀመሪያ ራሱን፣ ቀጥሎ ጓዱን፣ ከዚያም ተጎጂውን ይጠብቅ የሚል ነው። ይህ ሕግ ሲሰሙት ራስ ወዳድነት ይመስላል። በተግባር ግን የሞተ አዳኝ ሌላ ሰው ማዳን ካለመቻሉም በላይ እርሱን ለማውጣት ሌላ አዳኝ ስለሚያስፈልግ፣ ከዚህ የበለጠ ለወገን የሚያስብ ሕግ የለም።

ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የሚሆነን የባንግላዴሽ ተሞክሮ ነው፤ ይህች አገር ሀብታም ስላልሆነች ምሳሌነቷ ለእኛ የቀረበ ነውና። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1970 የተነሣው አውሎ ነፋስና የባሕር ማዕበል በትንሹ 300,000 ሰዎችን ፈጀ። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ መንግሥትና የቀይ መስቀል ማኅበር በባሕር ዳርቻ መንደሮች በጎ ፈቃደኞችን ማደራጀት ጀመሩ። በጎ ፈቃደኞቹ በባንዲራና በድምፅ ማጉያ እየዞሩ ያስጠነቅቃሉ፤ አረጋውያንን ወደ መጠለያ ያደርሳሉ፤ ቁስለኛ ይረዳሉ። በ1991 ገና 140,000 ያህል ሰው የጨረሰ ማዕበል ደረሰ። በ2007 ሲድር የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ ግን የሟቾቹ ቁጥር ወደ 3,400 ወርዶ ነበር። እርግጥ ነው፣ ለውጡን ያመጡት በጎ ፈቃደኞች ብቻ አይደሉም፤ የሲሚንቶ መጠለያዎችና የተሻሻለ የአየር ትንበያም አሉበት። ይሁን እንጂ ትንበያውን ከጽሕፈት ቤት ወደ ጎጆ ደጃፍ ያደረሰው ሰው ነው። ዛሬ ቁጥራቸው ከ70,000 የሚበልጠው እነዚህ በጎ ፈቃደኞች እኩሌታቸው ሴቶች እንዲሆኑ የተደረገውም በምክንያት ነው። በቀደሙት ማዕበሎች ሴቶች ይበልጥ ያለቁት ማስጠንቀቂያው ወደ ጓዳ ስላልገባ መሆኑ ተደርሶበታል።

ከዘገምተኛው አደጋ ወደ ፈጣኑ

አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ እጅዋን የቆመች አይደለችም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ዋዜማ ተቋቁሞ በጦርነቱ ጊዜ ቁስለኞችን ረድቷል። የወሎ ረኀብ ያስከተለው መከራ በ1966 ዓ.ም. የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን ወለደ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ፖሊሲም ትኩረቱን አደጋ ከደረሰ በኋላ ዕርዳታ ከማደል ወደ ቅድመ ዝግጅት ለማዞር የተነደፈ ነው።

ሆኖም ከታሪካችን የወረስነው የአስተሳሰብ ዝንባሌ አለ። ለረጅም ዘመን አደጋ ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ድርቅ ነው። ድርቅ ግን ዘገምተኛ አደጋ ነው፤ የሚሰላው በወራት ነው። ዝናሙ ይቀራል፣ ሰብሉ ይደርቃል፣ ከብቱ ይከሳል፣ ዋጋው ይንራል፤ ጥናት ለማካሄድም ሆነ እህል ለማጓጓዝ ጊዜ ይሰጣል። ስለሆነም የገነባነው አሠራር በመሠረቱ የመጋዘን፣ የጭነት መኪናና የዕርዳታ ዝርዝር አሠራር ነው። ጎርፍ፣ ናዳ፣ እሳትና የመሬት መንቀጥቀጥ ግን የሚሰሉት በደቂቃዎች ነው። ብርቱ ደም የሚፈስሰው ሰው ሊሞት የሚችለው አምቡላንሱ ከወረዳ ከተማ ሳይነሣ ነው። ልቡ የቆመ ሰው ደረቱ በትክክል ተጭኖ ደሙ ካልተዘዋወረ አንጎሉ ሊጎዳ የሚጀምረው ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ በቦታው ያለው መንግሥት አይደለም፤ ጎረቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን የኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ በፈረሰች ጊዜ፣ በሠለጠነ አገር እንኳ፣ ከፍርስራሽ በሕይወት የወጡት አብዛኞቹ ሰዎች የወጡት በቤተሰቦቻቸውና በጎረቤቶቻቸው እጅ ነበር።

ፈጣኑ አደጋ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ጥሪት አወደመ፤ የመንገዱ ጠባብነትና የሰው ብዛትም የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ አወሳሰበ። በዚያው ዓመት በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ለወራት ስትንቀጠቀጥ 80,000 ያህል ሰዎችን ወደ ሌላ ሥፍራ ለማዛወር ተገደድን። እንግዲህ ጥያቄው አደጋ ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚል አይደለም። ሲመጣ በቦታው የሚገኘው ጎረቤት ምን ያውቃል? ምንስ ይዟል? የሚል ነው።

ማንቃት

ሕዝብን ማንቃት ሲባል ስለ አደጋ ማስፈራራት ማለት አይደለም፤ የአካባቢውን አደጋ በስሙ ማሳወቅ ነው። በተራራማው ቀበሌ የሚሰጠው ትምህርት በቆላው ወንዝ ዳር ከሚሰጠው፣ ይህም በመርካቶ ጉሊት ከሚሰጠው ሊለይ ይገባል። የደጋው ገበሬ የመሬት ስንጥቅ፣ የተጣመመ አጥር፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ ምን እንደሚናገር ይማር። የወንዝ ዳር ነዋሪ ዝናሙ እርሱ ዘንድ ሳይጥል በላይ ተፋሰስ በመጣሉ ብቻ ጎርፍ ሊመጣ እንደሚችል፣ በሚወርድ ውሃ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ገመድ መወርወር እንደሚሻል ይወቅ። የከተማው ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ ቆጣሪና የጋዝ ሲሊንደር መዝጋትን፣ በጭስ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መሄድን ይልመድ።

ማንቃት ጎጂ ልማድን ማስወገድንም ይጨምራል። በቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም ሊጥ መቀባት ሕመሙን የሚያባብስ መሆኑን፣ የሚያስፈልገው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ማፍሰስ መሆኑን ስንቱ ቤተሰብ ያውቃል? ከፎቅ የወደቀን ሰው እጅና እግሩን ይዞ አንጠልጥሎ መውሰድ የተረፈውን አከርካሪ ሊሰብር እንደሚችል ስንቱ ረዳት ይገነዘባል? ቁስለኞች ሲበዙ ደግሞ በጣም የሚጮኸው ሁልጊዜ በጣም የተጎዳው አይደለም፤ ለመጮህ ትንፋሽ አለውና። ድምፁን ያጠፋውን ፈጥኖ መመልከት የሥልጠና ፍሬ ነው።

ማደራጀት

የነቃ ግን ያልተደራጀ ሕዝብ አሁንም እርስ በርሱ ይጋፋል። ድርጅት ከባዶ መፍጠርም አያስፈልገንም፤ በእጃችን ያለውን ማየት ይበቃል። ዕድርን እንመልከት። ዕድር አባላቱን በስም ያውቃል። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ የሚነፋ ጥሩንባ አለው፤ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለው። ማን የአልጋ ቁራኛ እንደሆነ፣ የትኛዋ ባልቴት ብቻዋን እንደምትኖር፣ የትኛው ቤት ስንት ሕፃናት እንዳሉበት ያለ መዝገብ ይነግርሃል። በድንገተኛ አደጋ ጊዜ የፍለጋ ቡድን የሚያስፈልገው የመጀመሪያው መረጃ ይኸው አይደለምን? ለቀብር የተደራጀው ኅብረታችን ለሕይወት የማይደራጅበት ምክንያት የለም። ደቦውና ጅጌውም እንዲሁ ናቸው፤ ሥራን በቡድን የመከፋፈልን ጥበብ ገበሬው ከማንም አይማርም።

ስለዚህ በየዕድሩና በየመንደሩ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰዎች ያሉት ቡድን ቢቋቋም፣ አንዱ መሪ፣ ሁለቱ ተመልካችና መልእክተኛ፣ አራቱ ፈላጊ፣ የቀሩት የሕክምና ረዳትና ተሸካሚ ቢሆኑ ታላቅ እርምጃ ይሆናል። ሴቶች በዚህ ቡድን ውስጥ ለቁጥር ማሟያ ሳይሆን በመሪነት ሊገኙ ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን በየጓዳው ዘልቀው ያፈሩት መታመን በማንም የማይተካ ሀብት ነው። ቡድኑም በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በተለይም ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በእውነተኛው ሥፍራ ልምምድ ያድርግ። ያልተለማመዱት ትምህርት በድንጋጤ ጊዜ ከአእምሮ ይጠፋል።

ማስታጠቅ

ስለ መሣሪያ ሲነሣ ብዙዎቻችን ውድ ማሽን ይታየናል። ማሽን መንገድ በሌለበት ቁልቁለት ላይ በሰዓቱ አይደርስም። የመንደር ቡድን ትጥቅ አካፋና ዶማ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ቃሬዛ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት፣ የራስ ቆብ፣ ፋሻ፣ ፊሽካና ድምፅ ማጉያ ነው። ዕቃው የሚቀመጠውም በወረዳ መጋዘን ሳይሆን በመንደሩ ውስጥ ነው። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ግን ዕቃው እንደሌለ ይቆጠራል። ሌላው ትጥቅ መረጃ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ኮሚሽን በ939 እንደሚጠሩ ማወቅ መልካም ነው። ነገር ግን ደዋዩ የሠፈሩን ስም፣ የሚታወቀውን ምልክትና መኪና የሚገባበትን በር ረጋ ብሎ ማስረዳት ካልቻለ፣ መንገድ ላይም ወጥቶ የሚቀበል ሰው ካልቆመ፣ ቁጥሩ ብቻውን ሕይወት አያድንም።

ልንታገላቸው የሚገቡ አመለካከቶች

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሰነዘሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችን ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም።

የመጀመሪያው «ሙያውን ለባለሙያ ተዉት» የሚለው ነው። ባለሙያውን የሚተካ የለም፤ የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛም ባለሙያው እስኪደርስ ሕይወት ያቆያል፣ ሲደርስም ቦታውን ለቅቆ ይታዘዛል። የዚህ አመለካከት ስሕተት በጎ ፈቃደኛው ባይሠለጥን ወደ አደጋው የማይሄድ ይመስል ማሰቡ ነው። ሕዝባችን ሠለጠነም አልሠለጠነም እሪታ ሲሰማ ይሮጣል። ምርጫው ዐውቆ እንዲሮጥ ወይስ ሳያውቅ እንዲሮጥ በማድረግ መካከል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሥልጠናን የአንድ ሰሞን ዘመቻ የሚያደርገው ጽሕፈት ቤታዊ ዝንባሌ ነው። አዳራሽ ይሞላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ የምስክር ወረቀት ይታደላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ «ይህን ያህል ሺህ ሰው ሠልጥኗል» የሚል ሪፖርትም ይላካል። በዓመቱ ግን ከሠለጠኑት መካከል ገመድ ማሰር የሚያስታውስ አይገኝም። የሥልጠና መለኪያው የተሰጠው ወረቀት ብዛት ሳይሆን፣ በድንገት ጥሩንባ ሲነፋ ስንት ሰው በስንት ደቂቃ በቦታው ተገኝቶ ድርሻውን እንደሚሠራ ነው። ከዚሁ ጋር ተያይዞ በኮታ የተመለመለ በጎ ፈቃደኛ በጎ ፈቃደኛ ሊባል እንደማይችል መታወቅ አለበት። ወዶ ያልዘመተ ሰው በጭንቁ ሰዓት አይገኝም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው በጎ ፈቃደኝነትን የመንግሥትን ኃላፊነት ማቅለያ አድርጎ መመልከት ነው። ሕዝቡ ራሱን መርዳቱ መንገድ የመሥራትን፣ አደገኛ ቁልቁለትን የማጥናትን፣ ነዋሪዎችን በወቅቱና በተሟላ ዝግጅት የማዛወርን፣ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት የመዘርጋትን ግዴታ ከማንም ጫንቃ አያወርድም። ደን በተመነጠረበት ኮረብታ ግርጌ ሰው እያሰፈሩ ከሥሩ አካፋ ማደል ዝግጅት አይባልም። እንደዚሁም ወገኑን ለማዳን ሲል የወደቀ ወይም አካሉን ያጣ በጎ ፈቃደኛ ቤተሰቡ የማን ነው? የሚለው ጥያቄ ጽኑ መልስ ይሻል። ኅብረተሰቡ «ሂድ፣ አድን» የሚለውን ሰው ዋስትና ሳይሰጠው ከቀረ፣ ጀግንነቱን ተቀብሎ ዕዳውን ለባልቴቲቱና ለሕፃናቱ መተው ይሆናል። የዋስትና ጥያቄ የሥልጠናው አካል እንጂ ከሥልጠናው በኋላ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

መደምደሚያ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ብሂል የቅድመ ዝግጅትን ጥበብ በሁለት ቃል ጨርሶታል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ደግሞ ከየአደጋው በኋላ የምናሰማውን ዋይታ አስቀድሞ የታዘበ ይመስላል። ሕዝባችን ርኅራኄ አልጎደለውም፤ ድፍረት አልጎደለውም፤ የመሰባሰብ ልማድም አልጎደለውም። የጎደለው ይህን ሁሉ ኃይል ከአደጋው በፊት አሰልፎ የሚያቆይ ዕውቀት፣ ድርጅትና መሣሪያ ነው። ይህን ማሟላት የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ብቻ ሊሆን አይችልም። ወረዳው ሥልጠናውን፣ ቀይ መስቀሉ ሙያውን፣ ዕድሩ አባላቱን፣ ትምህርት ቤቱ ወጣቱን፣ የጤና ጣቢያው ልምዱን ይዞ በአንድ መቅረብ ይኖርበታል።

በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ኮረብታ ሥር የወደቁት ወገኖቻችን ለሌላው ሲሉ መሮጥን አስተምረውናል። እኛ ደግሞ ከእንግዲህ ለሌላው ሲል የሚሮጥ ሰው ተመልካች ከበላዩ የቆመለት፣ ገመድ በእጁ የያዘ፣ መሸሻውን ያወቀና ቤተሰቡ የማይጣልበት መሆኑን የማረጋገጥ ዕዳ አለብን። ይህ ዕዳ የሚከፈለው በሐውልትና በኅሊና ጸሎት ብቻ አይደለም፤ ክረምቱ ሳይገባ፣ ደመናው ሳይጠቁር፣ በየመንደሩ በሚነፋ የልምምድ ጥሩንባ ነው።